ሰርዶና የወረቀቱ ጀርባ

ጋሽ ሜትሩ የአረም ማጥፊያውን ጠርሙስ ከዕቃ ቤት አውጥተው መስኮታቸው ላይ ያቆሙት ወር በባተ ቀን፣ እኔ ከሥራ በተመለስኩበት ሰዓት ነበር። ቀይ ክዳን ያለው፣ አቧራ የለበሰ ወፍራም ጠርሙስ ነው። ባለፈው ዓመት ያየሁት ያው ጠርሙስ።

«ጋሼ፣ እሱን ደግሞ ለምን አወጡት?»

«ለሣሩ ነዋ! አንቺ አታዪውም? ካሮቴን ዋጠው፣ ሰላጣዬን ዋጠው፣ አሁን ደግሞ ደረጃዬን እየወጣ ነው። ትንሽ ቆይቶ አልጋዬ ውስጥ አገኘዋለሁ። የወሩ መጨረሻ ላይ መርጫ የሚያዝለው ሰውዬ ይመጣል፤ ይረጭልኛል፤ እገላገላለሁ።»

ጋሽ ሜትሩ የግቢያችን ባለቤት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ዛሬም ሜትራቸው ከኮት ኪሳቸው አይጠፋም። በር ሲሠራ ይለካሉ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ሲታሰር ይለካሉ፣ ልጅ ሲያድግ ይለካሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተከራዮቹ ነን፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፣ ኋላ እሳቸውም ወደዱት። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄን «ምስጥ» ብለው የሰየሟት እሳቸው ናቸው፤ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትበላ።

ለቀልድ ብቻ የወጣ ስም አይደለም። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል፤ እስካሁን አፏ የገባው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም። ቁልፍ፣ ሳሙና፣ የአባቷ የጫማ ክር፣ ከሁሉ አብልጣ ግን አፈርና ሣር። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሐኪሟ ደሟን መርምራ፣ «ደህና ናት፤ ስታድግ ትተወዋለች። ብቻ ምን እንደምታገኝ ጠብቂ» አለችኝ።

ጠብቂ ማለት ቀላል ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኩስ ላይ ነኝ። ባለቤቴ የሌሊት ጥበቃ ስለሆነ ጠዋት ልጅቷን የሚይዛት እሱ ነው፤ መያዝ ከተባለ። እጇን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እሷ እጇን ቀስ አድርጋ ታወጣለች።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ሜትሩ አጥር ሥሩን ብቻ አስረጩ። «ለጥቂት ቀን ከቤት አታውጧት» አሉን። አላወጣናትም፤ ራሷ ወጣች። ያኔ ገና በዳዴ ነበረች። ከሥራ ስመለስ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ቢጫ የሆነ ሣር ከአፏ ተንጠልጥሎ አገኘኋት። ምንም አልሆነችም። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ምንም አልሆነችም። የእኔ ልብ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ስለዚህ መስኮቱ ሥር እንደቆምኩ፣ «ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ሣሩን እኔ ላጥፋልዎት» አልኳቸው።

«አንቺ? በምን?»

«በእጄ።»

ሜትራቸውን መዘዙ። «ስድስት በሰባት። አርባ ሁለት ካሬ ነው እኮ! በእጅሽ?»

«በእጄ።»

«በይ እሺ። እስከ ወሩ መጨረሻ ያንቺ ነው። ከዚያ በኋላ ሣር ባይ ግን ሰውዬው ይረጫል። እንዳታለቅሺብኝ።»

«አላለቅስም» አልኩና ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ጫማውን እያሰረ አየኝ። «አንቺ ሴት፣ ለምን ሁለት ቀን እህትሽ ጋ አትሄዱም? ይረጩ፣ ይድረቅ፣ ትመለሳላችሁ።»

«ልጅህ ሣር የምትበላው ሁለት ቀን ብቻ ነው እንዴ?»

ሌላኛውን ጫማ ማሰር ጀመረ። ጥሩ ሰው ነው፤ ነገሩ ሲገባው አይከራከርም።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ። ክፍሉ የሕፃናት ክፍል ስለሆነ ወንበሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ስንቀመጥ ጉልበታችን ከአገጫችን ሊደርስ ምንም አይቀረው። ጠረጴዛዎቹን ፊት ለፊት አድርገን ነው የምንማረው። ከእኔ ትይዩ የሚቀመጠው አንድ አናጢ ነው፤ አፉ አያርፍም። በዚያ ሳምንት መምህርታችን፣ «እያንዳንዳችሁ ማንበብ የምትፈልጉትን ንገሩኝ፣ ፈልጌ አመጣላችኋለሁ» አለችን። አናጢው ስለ መንጃ ፈቃድ አለ። አንዷ ስለ ስኳር በሽታ አለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ፣ «ሣር ስለማጥፋት። ያለ መርዝ» አልኩ።

«በግ ግዢ!» አለ አናጢው። ክፍሉ ሳቀ።

«በጉ ካሮቱን ይበላዋል።»

«ካሮት የማይወድ በግ ምረጪያ!»

መምህርቷ ግን ሳትስቅ ጻፈችው፤ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜም በአንድ ወረቀት የታተመ ጽሑፍ አመጣችልኝ። አርዕስቱ «የማይፈለግ ሣርን ያለ መርዝ ማጥፋት» ይላል።

እሱን ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሻገርኩ፣ የጠፋኝን እየተመለስኩ አነበብኩት። በድንጋይ መካከል ለበቀለ ሣር የፈላ ውኃ አፍስሱ ይላል። ገና ለበቀለው በጠራራ ፀሐይ ኮምጣጤ እርጩበት፣ አትክልት ላይ ግን እንዳያርፍ ይላል። ጨው አታድርጉ፣ ጨው አፈሩንም ይገድለዋል ይላል። በመጨረሻ፣ «አትክልት መካከል የበቀለውን ሣር በዶማ ኮትኩቱ፤ አፈሩንም አገላብጡ» ይላል። ከገጹ ግርጌ ደርሼ አራት ነጥቧን ሳገኝ እንደ ሯጭ ሁለት እጄን አነሳሁ። በሕይወቴ ማንም ሳያግዘኝ የጨረስኩት የመጀመሪያ ሙሉ ገጽ ነበር። አራቱን ማዕዘን በፕላስተር አድርጌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ እንኳ ቆሞ አየው፤ እንደ ፎቶ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባሁ።

በውኃው ጀመርኩ። ውኃ ከመጣዴ በፊት ባለቤቴን አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ ልጅቷን ጭኑ ላይ አድርጌ፣ በሩን ከውጭ ቆለፍኩት። «እንዳትተኛ!» «ሰው ቆልፈሽበት እንዴት ይተኛል?» የፈላውን ውኃ በማንቆርቆሪያ እየቀዳሁ በደረጃው ድንጋዮች መካከል አፈሰስኩ። በሦስተኛው ቀን ሣሩ ቡናማ ሆኖ በእጅ ሲነካ ተነሳ። ጋሽ ሜትሩ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ደረጃው አልፏል» አሉ፤ እንደ ፈታኝ።

ግድግዳው ሥር የበቀሉትን ትንንሾቹን ኮምጣጤ ጨረሳቸው። ዋናው ግን የአትክልት መደቡ ነበር። መደቡን የወረሰው ሰርዶ ነው፤ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ሥሩ እንደ ገመድ የሆነ ሣር። ከጎረቤት ዶማ ተውሼ ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ሰጠሁት። ከሣሩ የተረፈውን ጥቂት ካሮት ነቅዬ ለጋሽ ሜትሩ ሰጠሁ፤ ሣሩን ቆረጥኩት፣ ፈለጥኩት፣ ከተፍኩት፣ አፈሩን ገለበጥኩት። መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ላውንደሪ ቤት ካውያ መያዝ አቃተኝ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መደቡ ጥቁር ሆነ፤ አንድ አረንጓዴ ነገር አይታይም። ጋሽ ሜትሩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እኔ እኮ ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ስምንት ቀን ያህል እንደ ሰው ተኛሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጋሽ ሜትሩ መደቡ ላይ በርከክ ብለው ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። በሜትራቸው አንድ ካሬ ለክተዋል። አፈሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበር።

«መቶ አርባ ሰባት» አሉ ቀና ብለው። «በአንድ ካሬ ብቻ። አንቺ ልጅ፣ አጠፋሽው ወይስ ዘራሽው?»

አንዱን ነቀልኩት። ከሥሩ የወጣው ጣት የምታህል ቁራጭ ነበረች፤ በዶማ የከተፍኳት። ሌላውን ነቀልኩ፤ እሱም ቁራጭ። በአሥራ አራት ቀን ድካም አንዱን ሺህ አድርጌዋለሁ። ምስጥ በበኩሏ ተደስታለች፤ አዲሱ ሣር ለስላሳ ነው።

ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥዬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«መምህርት፣ ይሄ ወረቀት ይዋሻል።»

«ምን አለ?»

«ኮትኩቱ አለ፣ ኮተኮትኩ። ይኸው ሣሩ ከበፊቱ በዛ።»

«እስቲ ተነሺና አንብቢልን።»

ተነሳሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ከአርዕስቱ እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ አነበብኩት። ተናድጄ ስለነበር ሳልደናቀፍ ነው ያነበብኩት። ስጨርስም ወረቀቱን አላወረድኩትም። አናጢው ከፊት ለፊቴ አንገቱን አስግጎ ወረቀቴን ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ሰ... ር... ዶ... ን...»

«ምን ትላለህ?»

«ቆይ እህቴ፣ በሞቴ አታንቀሳቅሺው። ሰርዶን... በፍጹም... አት... ቆ... ራርጡ።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ዓይኗ ሲስቅ አየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን እሷም ሰርዶ ነው የሞላት።

«እኔ ጥፋተኛ ነኝ» አለች መምህርቷ። «ጀርባ አለው ብዬ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

አናጢው ሳቁን አቆመ። «እህቴ፣ አትፈሪ። እኔ እዚህ ክፍል የገባሁት ጀርባውን ሳላይ በፈረምኩት ወረቀት የተነሳ ነው። አንቺን ሣር ነው የበላሽ፤ እኔን ሰው ነው የበላኝ።»

ቁጭ አልኩና ጀርባውን ማንበብ ጀመርኩ። ሰዓቱ አለፈ፤ መምህርቷም አናጢውም ጠበቁኝ። ሰርዶ ከዘሩ ብቻ አይደለም የሚበቅለው፤ ሥሩ ላይ ባሉት አንጓዎች ጭምር ነው። አንዲት አንጓ ከቀረች ሣር ናት። ስለዚህ በዶማ አይቆረጥም፤ አፈሩን እንደ ሹካ ባለ ጣታማ መቆፈሪያ አላልቶ፣ ሥሩን ሳይበጥሱ እንደ ክር መሳብ ነው። የወጣውን ከአፈር አርቆ ፀሐይ ላይ ማድረቅ። ከዚያም መሬቱን በካርቶን መሸፈን፤ ሁለት ድርብ፣ ዳርና ዳሩ በአንድ መዳፍ ያህል ተደራርቦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት። ብርሃን ሳያገኝ ቢያንስ ሁለት ወር።

ሁለት ወር። ለወሩ መጨረሻ የቀረው ሦስት ቀን ነበር።

ጋሽ ሜትሩ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የግድግዳውንም፣ የጀርባውንም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «አዝናለሁ ልጄ» አሉ። «የወሩ መጨረሻ አልን። ሰውዬውን ለቅዳሜ ጠርቼዋለሁ። ልጅቷን እኔ ራሴ አዝዬ እውላለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ከምሳ በኋላ አይተኙም?»

ኪሳቸው ውስጥ ሜትራቸውን ነካ ነካ አደረጉ፤ እሺ ግን አላሉም። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ፣ በሁለታችን መካከል ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አነሳሁት። ፊት ለፊቱ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎ፣ ስሙ በትልልቁ ተጽፏል። ገለበጥኩት። በዚያ ሳምንት ያየሁትን ሁሉ እገለብጥ ነበር።

ጀርባው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ነው። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩና ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «ለምግብ... በሚውሉ... አትክልቶች... አጠገብ... አይረጭ።»

«የት ነው እንዲህ የሚለው?»

«ቆይ ጋሼ። የተረጨ ቦታ ላይ... ሕፃናትና... እንስሳት... እንዳይደርሱ... ይጠንቀቁ።» ከታች ቁጥር አለ። ቁጥር ከፊደል በፊት ነው የማውቀው። «ጊዜውም አልፏል። ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

መነጽራቸውን አድርገው ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱ። ረጅም ጊዜ አነበቡ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታ ሳነብ የኖርኩ ሰው...»

«ካርታ ጀርባ የለውማ፣ ጋሼ።»

«ባለፈው ዓመት አጥሩ ሥር የነበረው ሰላጣ...» አሉና አቆሙ።

«በልተውታል።»

«በልቼዋለሁ።» ሆዳቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ። ሳቄ መጣ፤ ግን ቦታው አልነበረም።

በመጨረሻ፣ «ሁለት ወር» አሉ። «ግን እንደ ድሮው በዓይን አይደለም የማየው። መሬቱን በሲባጎ በአርባ ሁለት ካሬ እከፋፍለዋለሁ። በቀኑ የፈለግኩትን አምስት ካሬ መርጬ እቆፍራለሁ። አንዲት በሕይወት ያለች ሥር ካገኘሁ፣ አዲስ ጠርሙስ እገዛለሁ፤ ካሮቱም ሰላጣውም ይቅርብኝ።»

«ይሁን» አልኩ።

አናጢው ሦስት ብረት አጥፎ፣ እጀታ ገጥሞ፣ ጣታማ መቆፈሪያ ሠራልኝ። ካርቶን ለመለመን ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ምርጡ የፍሪጅ ካርቶን ነው፤ ሰፊና ወፍራም። ፍሪጅ የሚሸጠው ሰውዬ፣ «ምነው፣ ቤት ልትሠሪ ነው?» አለኝ። «መሬት ላልብስ ነው» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀኝም።

ሥሩን መሳብ ትዕግሥት ነው። ስታላላው ይመጣል፣ ስትቸኩል ይበጠሳል። የተበጠሰ እንደሆነ ቁራጩን እስካገኘው ድረስ አልነሳም። አንዱ ሥር በጣም ረዝሞብኝ ባለቤቴን ጠራሁት፤ መሬት ላይ ከጎኑ ተጋደመና ተለካካ፤ ሥሩ በለጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይተኛ በፊት ጠዋት ጠዋት አንድ ካሬ እሱም ይስብ ጀመር። የወጣውን ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው፤ በሳምንቱ እንደ ገለባ ደረቀ።

ካርቶኑን ማንጠፍ ግን የእኔ ሙያ ነበር። አሥር ዓመት አንሶላ ያጣጠፈ እጅ ዳር ከዳር ማገናኘት ያውቅበታል። ጋሽ ሜትሩ ከኋላዬ እየተከተሉ ይለካሉ። «ይሄኛው መደራረቢያ ስምንት ሳንቲም ነው። መዳፍ ማለት ስንት ነው?» «የእኔ ነው የእርስዎ?» እጃችንን ጎን ለጎን አድርገን ለካን፤ የእሳቸው በለጠ። በእሳቸው መዳፍ ደረብኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። በየቀኑ አንዱን ጫፍ ገልጬ ባይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አትግለጡ ይላል። በዳር በኩል ቀጫጭን ቅጠል ብቅ ሲል፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት ከነሥሩ እየሳብኩ አወጣሁ። ምስጥ ካርቶኑን ሁለት ቦታ በላችው። ከላይ ሌላ ካርቶን ጨመርኩበት።

ቀኑ ደረሰ። ካርቶኑ ረግቦ እንደ ጨርቅ ሆኖ ነበር፤ ስንገልጠው ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ የመሬት ትል ይርመሰመስበታል። ጋሽ ሜትሩ ሲባጎአቸውን ወጠሩ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንደኛው ካሬ፣ ምንም። ሁለተኛው፣ የበሰበሰ ክር ብቻ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ንጹሕ። ባለቤቴ ልጅቷን አቅፎ ቆሟል፤ እንቅልፉን ትቶ ነው።

አምስተኛውን የመረጡት አጥሩ ጥግ ካለው የሎሚ ዛፍ ግንድ ሥር ነው። ካርቶኑን ለግንዱ ብዬ ስቆርጠው አንድ ጣት ያህል ክፍተት ትቼ ነበር።

ቆፈሩ። ቆሙ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ሥር።

«አንድ» አሉ ቀስ ብለው። ደስ ያላቸው አይመስልም።

ሊስቡት ሲሉ ጮህኩ። «አይንኩት ጋሼ! ይበጠሳል!»

ተንበረከኩና ጣቴን አስገባሁ። አፈሩን በጥፍሬ እያላላሁ ተከተልኩት። ወደ መደቡ መሀል አልሄደም። በሎሚው ሥር ታጠፈ፣ ወደ አጥሩ ዞረ፣ ከሽቦው በታች አልፎ ወጣ። ከሽቦው ወዲያ ያለው ማንም የማይነካው ክፍት ቦታ ነው፤ ሰርዶ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። እጄን በሽቦው ሥር አሳልፌ፣ ትከሻዬ እስኪጫር ድረስ ሄጄ፣ ከነአንጓው ሳይበጠስ አወጣሁት። ጋሽ ሜትሩ ለኩት። ሁለት ሜትር ከአርባ።

ተነስቼ ጉልበቴን አራገፍኩ። «ጋሼ፣ ስምምነታችን አንድ ሥር ከተገኘ ነው። ተገኝቷል። አልክድም። ግን ይሄ የግቢው አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነው። መርዝ ቢረጩ እዚህ ያለውን ይገድላል፤ በሚቀጥለው ወር ያኛው ይገባል። እንደገና ይረጫሉ። በየወሩ ይረጫሉ። አጥሩን ተከትዬ ቦይ ልቆፍር። ቆርቆሮ አቁሜ ልቅበርበት። ቆርቆሮ አይበሳም።»

«ይሄም ወረቀቱ ላይ አለ?»

«የለም። ይሄ የእኔ ነው።»

ጋሽ ሜትሩ አጥሩን አዩ፣ ሥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ጫፉን ሰጡኝ።

«ያዢው። ሰባት ሜትር ነው፤ እስቲ እንለካው። ጥልቀቱስ ስንት ይሁን?»

ጫፉን ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ። እጄ ሙሉ ጭቃ ነበር።

«ጠርሙሱንስ?» አልኳቸው ከጥጉ።

«ጀርባው ምን ይላል?»

«ወደ ሻጩ መልሱ ይላል።»

«ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

ዞር ስል ልጅቷ ከአባቷ እቅፍ ወርዳለች። አባቷ ቆሞ እያንቀላፋ ነበር። መደቡ መሀል፣ ትሎቹ መካከል ቁጭ ብላ፣ በሁለት እጇ አፈር አፍሳለች። እንደ ወትሮው ልሮጥ አልኩ፤ እግሬ ግን አልተነሳም። አየኋት። አፍ የሞላ አፈር ነበር፤ አፈር ብቻ።

እስኪ ትንሽ ትብላ ብዬ ተውኳት። ከዚያ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ አስይዤ ሄድኩና አፏን ጠረግኩላት።